ሥዕል የነበረው ተራራ

ጓንታችንን አውልቀን፣ ጣታችን ከብርዱ ሳይፈታ፣
በዓሣው ማሸጊያ ቤት፣ ከምሳ በፊት ባለች ፋታ፣
አሥራ አምስት ደቂቃ ናት፣ አለቃው በሰዓቱ የሚሰፍራት፤
በርገን ውጭ ቆማለች፣ እንደ ልማዷ ዝናብ እየመታት።
የኪራይ ወሬ ቀርቷል፣ የደሞዝም ሐሜት፤
ሁለተኛው ወጣ፣ ጨዋታው፣ በሰባተኛው ዓመት።

ቶርሞድ "አመመኝ" ብሎ ዋሽቶ፣ ስልኩን አጥፍቶ፣
በስድስት ቀን ጨረሰው፤ መጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ።
"እህስ?" አልነው። "አለቀ" አለ። ይኸው ነው ቃሉ።
ድግስ ላይ ቀድሞ የበላ ሰው፣ ሌሎች ገና ሲበሉ
እጁን ታጥቦ እንደሚያይ፣ አፍ አፋችንን ያያል፤
የት እንደ ደረስን ይጠይቃል፣ ስንነግረው ይቀናል።

ዳውማንታስ ዘጠና ሰዓት ተጫውቶ
ከመጀመሪያዋ መንደር አልወጣም፤ እዚያው ወንዝ አግኝቶ
ዓሣ ያጠምዳል!
ቀን ዓሣ ሲቆርጥ ይውላል፣ ማታ ዓሣ ያጠምዳል።
ሻዩ ትን እስኪለን ሳቅን።
"የዚያኛው" አለ "አይሸትም። ደግሞም ይዤ እለቀዋለሁ።
ይሄኛውን ማን ይለቀዋል?"
ሳቃችን በየኩባያችን ቀረ።

ሲግሩን፣ ጡረታ ልትወጣ አምስት ወር የቀራት፣
የልጅ ልጇ ናት ያስለመደቻት፤
ውጊያ አይሆንላትም፤ ሽፍታ ሲመጣ ፈረሷን ጥላ
ቁጥቋጦ ሥር ትገባለች፣ እንደ ጃርት ተጠቅልላ።
አንድ ጉልበቷ ብረት ነው። እዚያ ግን ትሮጣለች።
"ሣሩን አያችሁት?" ትላለች፣
"በፊተኛው ምንጣፍ ነበር፤ የአሁኑ ሲረግጡት ይተኛል፣
ሲያልፉት ቀስ ብሎ ይነሣል።
ቁጭ ብዬ አየሁት እኮ፣ የሄድኩበት ሲጠፋ።"
ሥራ ላይ እንዲህ ስታወራ ሰምተናት አናውቅም።

የሚያከራክረን ግን ተራራው ነው።
በፊተኛው፣ ሰማይ ጥግ የተለጠፈ ሥዕል ነበር፤
ስንት ሌሊት ጋልቤ፣ የማይታይ ግድግዳ መለሰኝ ከድንበር፤
ፈረሱ ይረግጣል፣ ይረግጣል፣ መሬቱ አይሄድም ነበር።
አሁን ይወጣል።
ቶርሞድ፦ "አናቱ ላይ ሰይፍ አለ፣ ውድ።"
ሲግሩን፦ "የምን ሰይፍ! አንድ ወንበር ነው፣ የተሰበረ፣ ደግሞ ንፋስ።"
ዳውማንታስ አልደረሰበትም፤ ሐይቅ አለው ብሎ ግን ይምላል፣
ባለ ዓሣ።

"አንተስ?"
እኔማ ከሥሩ ድንኳን ተክያለሁ፣ ይኸው አሥራ ሁለት ቀኔ።
ለምን አትሉኝም? አላውቅም እኔ።
ሰባት ዓመት በሥዕልነቱ ወድጄው፣
እግሬን ላነሣ ስል ይከብደኛል፣ አልደፍረው።
"የወጡት ተራራ ጉብታ ነው" ይል ነበር አጎቴ፤
ሲሰንፍ ነው የሚለው። ወርሼዋለሁ መሰል፣ ከነስንፍናው።

ሲግሩን ኩባያዋን አኑራ መስኮቱን በክንዷ ጠረገች።
"ይሄኛውስ?" አለች።
ኡልሪከን። ከፋብሪካው ጀርባ።
አራት ዓመት ጉም ሲለብስ ሲያወልቅ ያየሁት፣
አንድ ቀን ያልረገጥኩት።
ደወሉ ጮኸ። ጓንት።

እሑድ ወጣን። ቶርሞድ ቀረ፤ እንደ ገና ከሀ ጀምሮታል አሉ።
ሲግሩን በአየር ላይ በገመድ መኪና፣
እኔና ዳውማንታስ በድንጋዩ ደረጃ፣ በሚያንሸራትተው።
ሳንባዬ እሳት። የቀረኝን ጉልበት የሚለካ
አረንጓዴ መስመር የለም ከዓይኔ ጥግ ለካ።
ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ፣ አንዴ ወደቅሁ፤
ከወደቅሁበት ተነሣሁ እንጂ፣ ከመንደር ደጃፍ አልነሣሁ።

አናቱ ላይ ከተማው የለም። ባሕሩ የለም። ፋብሪካችን የለም።
ነጭ፣ እስከ ጫማችን አፍንጫ።
ዳውማንታስ ትንፋሹን ሰብስቦ
"ቆይ" አለ፣ "ገና እየጫነ ነው።"

ሰይፍ አልነበረም። ወንበር ግን ነበረ፣ ደህና ነው፣ እርጥብ፤
ሲግሩን ፌስታል አነጠፈችበት።
ሦስት ሆነን ተጠጋግተን፣
እስኪጭን ጠበቅን።